የአክስቴ አልጋና የኮሌጁ ጅብ

ታዛዥ ሰው መልካም ሰው ነው ሲባል ሰምታችኋል። ልብ ብላችሁ ከሆነ ይህን የሚሉት ሁሉ አዛዦች ናቸው። እኔም እስከዚያ ሐሙስ ድረስ አምኜበት ኖሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ትልቅ ሰው «እስቲ ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» ሲሉኝ አስቀድሜ የማየው በአካባቢው የሚሸከሙት ነገር እንዳለ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ከሐረር ወጣ ብሎ ባለው ኮሌጃችን፣ ከወንዶች መኝታ ቤት ጀርባ፣ «የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም» የሚል ሰሌዳ የተለጠፈበት አንድ ረዘም ያለ ክፍል አለ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ እንደገባሁ ሰሌዳውን ሳነብ ልቤ ተነካ። ታሪክ ያለን እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በውስጡ ጭድ የተጠቀጠቁ ወፎች፣ በጠርሙስ የተጠቀለለ ዘንዶ፣ በመርፌ የተሰኩ ቢራቢሮዎች፣ ግድግዳ ላይ የተዘረጋ የነብር ቆዳ አሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በሩ አጠገብ ቆሞ አፉን እስከ ጆሮው የከፈተ ጅብ አለ። ጅቡን በድሬዳዋ መንገድ ላይ መኪና ገጭቶት፣ የሙዚየሙ ኃላፊ ዶክተር መኩሪያ ቆዳውን ገፈው፣ በጨው አሽተው፣ ጭድ ሞልተው፣ በዓይኑ ፋንታ ሁለት የብርጭቆ ብይ ተክለው ያቆሙት ነው። ዶክተር መኩሪያ ሚስትም ልጅም የላቸውም። ጅቡን ግን «ደህና አደርክ» ሳይሉት አያልፉም።

ከትምህርት በኋላ እየሄድኩ አቧራ የማራግፈው በጎ ፈቃደኛ እኔ ነበርኩ። በጎ ፈቃዱ የዶክተሩ ነው፤ ማራገፉ የኔ።

ታዲያ አንድ ሰኞ ዲኑ መጡ። ዲኑ ክፉ ሰው አይደሉም። ነገር ግን ባዶ ቦታ ካዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። በሩ ላይ ቆመው አንዴ ዘንዶውን፣ አንዴ እኔን ካዩ በኋላ፣

«መኩሪያ፣ እዚህ ክፍል ማን ይገባል?» አሉ።

«ተማሪዎች ይገባሉ፣ ጌታዬ።»

«የትኞቹ?»

ዶክተሩ ዞር ዞር ብለው ፈልገው ወደ እኔ አመለከቱ። ዲኑ እኔን ካዩ በኋላ ሐሳባቸውን ይበልጥ ያጸኑ መሰለኝ።

«ሽንት ቤት ፈልጎ የተሳሳተ ካልሆነ በቀር እዚህ ሰው ሲገባ አይቼ አላውቅም። የተሰበሩት ወንበሮች ደጅ ላይ ዝናብ እየበላቸው ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ። የሚጎበኝ ሰው ካገኘሁ ሙዚየም ነው። ካላገኘሁ የወንበር መጋዘን ነው።»

ዲኑ ሲወጡ ዶክተር መኩሪያ ከጅቡ ጎን ቁጭ አሉ። ሁለቱም ዝም ብለው ወደ በሩ ያያሉ።

«እዚህ ያለው ሁሉ የዚህ አገር ነው» አሉ በመጨረሻ። «ወፉም ዘንዶውም ከዚሁ ነው የመጣው። የአገሩ ሰው ግን አንድም ቀን መጥቶ አላየውም። ለማን ብዬ ነው የሰበሰብኩት?»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ወግ አታነቡም ነበር። ግን ሰው ሲያዝን ዝም ማለት አልችልም።

«ሰው ወደ ሙዚየሙ ካልመጣ ሙዚየሙ ወደ ሰው ቢሄድስ?» አልኩ። «ሐሙስ ጅቡን ፈረስ መጋላ አደባባይ ወስጄ አቆመዋለሁ። የሚሰበሰበውን ሰው ቅዳሜ ኑና ሌላውንም እዩ ብዬ እጠራለሁ።»

ዶክተሩ ቀና አሉ። «እኔ ሐሙስ አስተምራለሁ። ግን አንተ ጠንቃቃ ልጅ ነህ» አሉኝ። አያችሁ፣ ሰው በዱላ ብቻ አይደለም የሚመታው።

ለረዳትነት የመኝታ ክፍል ጓደኛዬን አብዲን ለመንኩት። አብዲ ጫት ከሚበቅልበት ከሶፊ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ነገሩን ሲሰማ አልጋው ላይ ተንከባለለ።

«ጅብ ወደ ሐረር? ጫት ወደ ሶፊ ብትወስድ አይሻልህም? ሰዉ በየማታው ከጀጎል ግንብ ሥር በሕይወት ያለውን ያበላል፤ የሞተውን ምን ሊያደርገው?»

«ይህ የሳይንስ ነው» አልኩት።

«እህ! የሳይንሱ አይበላም ማለት ነው» አለና መጣ። ሲስቅብኝም ቢሆን ጥሎኝ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት የኮሌጁ አውቶብስ ሹፌር ጅቡን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ። «ካልተሸፈነ አላሳፍርም። ይህን ጥርስ እያየሁ ቁልቁለት አልነዳም» አለ። እውነቱን ነው። እኔም ጠንቃቃ ነኝና ሮጬ የራሴን አንሶላ አመጣሁ፤ ነጭ፣ ገና የታጠበ። ጅቡን በጎኑ አስተኝቼ፣ ፀጉሩ እንዳይሻክር ዙሪያውን ጭድና ትራስ ጠቀጠቅሁበት፤ እግሮቹም እንዳይሰበሩ እንዲሁ። አንሶላውን ጠቀለልኩበትና ነፋስ እንዳይገልጠው በራሱ፣ በወገቡና በእግሩ በኩል በነጭ ጨርቅ አሰርኩት።

አብዲ ራቅ ብሎ ቆሞ አንገቱን ዘመም አድርጎ አየው። «ይህ ነገር አንድ ነገር ይመስላል» አለ።

«ምን ይመስላል?»

«ተወው። አንተ ጠንቃቃ ነህ።»

ሸዋ በር ገበያ ወርደን ጋሪ ተከራየን። የጋሪው ፈረስ ዶክትሬት የለውም፤ ጅብ ግን በአንሶላ ውስጥም ያውቃል። ጅቡን አንስተን ሳንጭን አፍንጫውን አንዴ ነፋ፣ ጆሮውን ወደኋላ ጣለ፣ ከዚያ ጋሪውንና ባለጋሪውን ይዞ በቲማቲም ሻጮች መካከል አለፈ። የባለጋሪው እርግማን እየራቀ እየራቀ ሲሄድ ይሰማን ነበር። በገበያው የነበረ አህያ ሁሉ ጭነቱን ጥሎ ወደየቤቱ ተመለሰ። ቲማቲም ሻጮቹ ወደ እኛ መዞር ሲጀምሩ ጅቡን ተሸክመን ሮጥን።

አክስቴ እታገኝ የሚኖሩት ከሸዋ በር ብዙ ሳይርቅ ነው። በራቸው ላይ ሆኜ «አክስቴ፣ የኮሌጅ ዕቃ የምንሸከምበት ነገር ቢያውሱኝ» አልኳቸው። እጃቸው ሊጥ ነበርና ሳይወጡ፣ «ያውልህ በረንዳ ላይ የጠፍር አልጋው! ጠፍሩን እንዳትበጥስብኝ!» አሉ ከውስጥ። ጅቡን አልጋው ላይ አጋደምነው። እኔ ከፊት፣ አብዲ ከኋላ ሆነን አልጋውን በትከሻችን አነሳን። ወደ ጀጎል በር አመራን።

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ጊዜ ዓይንህን ጨፍንና እየው። ሁለት ልጆች፣ ላብ በላብ ሆነው፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሦስት ቦታ የታሰረ ነገር በአልጋ ተሸክመው በበሩ ይገባሉ። አንደኛው ትክዝ ብሏል። እኔ ነኝ፤ ዶክተሩን እያሰብኩ ነው።

በሩ ጥግ ጫማ የሚሰፉ ሰው የያዙትን ጫማ ጣሉና ተነሱ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉና፣ ሳልጠይቃቸው የአልጋውን ጫፍ ከትከሻዬ ተቀበሉኝ። አመሰግናለሁ ለማለት ስዞር ሌላ ሰው አብዲን ተቀብሎታል። ከዚያ ከሱቅ፣ ከየመንገዱ ሰው ይወጣ ጀመር። የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ከዳር እስከ ዳር ጸጥ አለ። አልጋው ከትከሻ ወደ ትከሻ እየተቀባበለ እንደ ጀልባ ሄደ። የሐረር ሰው ጀናዛ፣ ለቀብር የሚሄድ ሬሳ፣ ሲያይ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ትከሻውን ይሰጣል። መልካም ሕዝብ ነው። መልካምነቱ ነው የጎዳኝ።

«ምንኛ ከስቶ ነበር!» ይላል አንዱ ከአልጋው ሥር። «ላባ ነው የሚመስለው።»

«የኮሌጅ ተማሪ ነው መሰለኝ» ይላል ሌላው። «ምን ያበሏቸዋል?»

በሰዉ መካከል ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ተሸክመውት የነበረውን የአልጋ ጫፍ ለሌላ ሰጥተው ወደ እኔ ቀረቡ። ሰዉ ሐጂ ዩሱፍ እያለ ነው መንገድ የሚለቅላቸው። ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«አይዞህ ልጄ። ወዴት ነበር የምትወስዱት?»

«ወደ ፈረስ መጋላ፣ ሐጂ።»

«ፈረስ መጋላ መቃብር አለ እንዴ? ምን ዓይነት ልጆች ናችሁ!» አሉና ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሱ። «መልሱት! ወደ ውጭ!»

አልጋው ዞረ። ሕዝቡም አብሮ ዞረ።

«ታጥቧል?» አሉኝ እየሄድን።

መዋሸት አልወድም። «ታጥቧል። ዶክተሩ ራሳቸው በጨው አሽተውታል።»

«በጨው?» ሐጂ ጥቂት አሰቡ። «ኮሌጅ!» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዘመድ የለውም?»

«ከዶክተሩ በቀር የለውም። ሐጂ፣ እባክዎ ይስሙኝ፤ ይህ እኮ ሰው አይደለም።»

ሐጂ ቀጥ አሉ። ከኋላቸው ያለውም ሁሉ ቀጥ አለ።

«እንዲህ አይባልም!» አሉኝ፣ ዓይናቸው ፈጦ። «ድኻ ይሁን፣ ዘመድ አይኑረው፣ ሰው ነው! መማር ማለት ይህ ነው? የሞተን ከሰው ተራ ማውጣት?»

«ተሜ!» አለ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ምራቁን ሊተፋ ምንም ሳይቀረው። አፈርኩ። እመኑኝ፣ ያን ጊዜ እውነትም ሰው የበደልኩ መሰለኝ።

አብዲ ከሰዉ መካከል ተሹለክልኮ ጎተተኝ። ሳቁ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቷል። «ስማ! አሁን አውርደው ሊሰግዱበት ነው። በጅብ ላይ ከተሰገደና እኔ አብሬ እንደነበርኩ ከታወቀ፣ ከሶፊ እስከ ድሬ ጠያራ መግቢያ የለኝም። ጩህ!»

«አንተ ጩህ!»

«እኔ እስላም ነኝ፤ እያወቀ ነው ይሉኛል። አንተን ክርስቲያን ነው፣ አያውቅም ብለው ይምሩሃል። ጩህ ብያለሁ!»

ከፊት ለፊታቸው ሮጬ መንገዱ ላይ እጄን ዘርግቼ ቆምኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ «ጅብ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሰዉ ዞር ዞር ብሎ አየ። «በጠራራ ፀሐይ?» አለ አንዱ።

«ምስኪን! ሐዘን ነክቶታል» አሉ ሐጂ፣ ቁጣቸው በርዶ። «ጀናዛ ተሸክመን ጅብ ይጠራል? ውኃ ስጡት!»

ውኃ ሰጡኝ። ጠጣሁ። ምን ላድርግ፤ ሰው አክብሮ ሲሰጥ እምቢ አይባልም። ስጠጣ አልጋው አለፈኝ።

ያዳነኝ የጀጎል በር ነው። በሩ ጋ ሲደርሱ ሰው ገቢ፣ ሰው ወጪ ሆነና ተጣበበ። አልጋው ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ የጠቀጠቅሁት ጭድ ተንሸራተተ። በአንሶላው ጫፍ በኩል አንድ ነገር ወጥቶ ቁልቁል ተንጠለጠለ። በሩ አጠገብ ሞሰብና ስፌት ዘርግተው የሚሸጡ እማማ ዘይነባ የሚባሉ ባልቴት ቀና ብለው አዩት። አንዴ አዩት። ሁለተኛ አዩት።

«ያ ሐጂ!» አሉ። «ሟቹ ጭራ አለው!»

አልጋው ወረደ። ሐጂ ዩሱፍ በከዘራቸው ጫፍ የራስጌውን አንሶላ ቀስ አድርገው ገለጡት። ጅቡ ያን ሁሉ ጥርሱን አውጥቶ፣ ብይ ዓይኖቹ በፀሐይ እያብረቀረቁ፣ ሕዝቡን አየ። የፊተኛው ሰልፍ በኋለኛው ላይ ወደቀ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ዳዊት ሁሉ ማነብነብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የሳቀው ያ ልብስ ሰፊ ነው። ከዚያ ሳቁ እንደ እሳት ከሰው ወደ ሰው ተያያዘ። ሐጂ ብቻ አልሳቁም። ጢማቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከቁጣ ይሁን ከሌላ አላወቅሁም።

«ትከሻዬን» አሉ በመጨረሻ፣ «ለጅብ ነው የሰጠሁት?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሐጂ። ነግሬዎት ነበር…»

«ሁለት ጊዜ እኮ ነው የተቀበልኩት! ልጆቹ ይረፉ አባቴ ሲሉኝ እምቢ ብዬ!» አሉና ተቀመጡ። ያን ጊዜ ጢሙ የሚንቀጠቀጠው ለምን እንደሆነ ለየልኝ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። ግን እማማ ዘይነባ አልሳቁም። ተንበርክከው የጅቡን ፊት በቅርብ እያዩ ነበር። አንደኛው ጆሮው የተሸረከተ ነው፤ እሱን በጣታቸው ነኩት።

«ወራባ!» አሉ፣ በከተማው ቋንቋ ጅብን እየጠሩ። «ይህ የኛ ሰፈር ጅብ ነው። ይህን ጆሮ አውቀዋለሁ። በአሹራ በዓል ገንፎ ስናወጣለት መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱ ነበር። ካቻምና ቀረ። ቅቤ አሳንሼበት ተቀይሞ ነው ብዬ ስንት ቀን ራሴን ወቀስኩ!»

ሳቁ ቀነሰ። አንድ ሥጋ ሻጭ ብቅ ብሎ፣ «እኔም አወቅሁት! የበጌን እግር ከነመንጠቆው የወሰደብኝ ይኸው ነው!» አለ።

«ዝም በል፤ እሱ ሌባ አልነበረም» አሉ እማማ ዘይነባ።

«ጥርሱን አላየሽም እንዴ?»

«ይህ የሱ አፍ አይደለም!» ብለው ተነሱና ወደ እኔ ዞሩ። «ማነው እንዲህ አፉን የከፈተው? ከእጄ ሲበላ ኖሮ በሰው ላይ ጥርሱን አላወጣም!»

«በኔ ላይ አውጥቷል» አለ ሥጋ ሻጩ።

«አንተ በሚዛን ስለምታታልል ነው!»

የሚዛኑ ነገር ሲነሳ ሌሎች ሴቶችም ገቡበትና ክርክሩ ጥቂት ከጅቡ ራቀ። ሐጂ ዩሱፍ በከዘራቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው ጸጥ አሰኙ። ከዚያ ለኔ ጥያቄ አቀረቡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዶክተሩን፣ ዲኑን፣ ወንበሩን፣ ቅዳሜን። ሽማግሌው ሰምተው ሲያበቁ ፈረዱ።

«አይቀበርም፤ የሰው ቀብር አይገባውም። አፉ እንዲህ ሆኖም ወደ ኮሌጅ አይመለስም። ሰው ይህን አይቶ የሐረር ጅብ እንዲህ ነው ሊል ነው። ሞቶ መከራከር ለማይችል ጎረቤት ስሙን የሚጠብቅለት ጎረቤቱ ነው። ያ ዶክተር ይምጣና ይዝጋው። እስከዚያ ዘይነባ ግቢ ይቆያል።»

ባዶ እጄን ተመለስኩ። ሐሙስ ማለቁ ነው፤ አርብ አንድ ቀን ናት፤ ቅዳሜ ዲኑ ይመጣሉ። ሙዚየሙ ጎብኚ የለውም። አሁን ደግሞ ጅብም የለውም። ሄጄ ጎብኚ ላመጣ ነበር፤ የሚጎበኘውን አስረክቤ መጣሁ። ዶክተር መኩሪያ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ስነግራቸው ቆይተው፣ ከሁሉ ነገር የአፉ ነገር ላይ ቆሙ።

«ጥርሱን አያወጣም አሉ?»

«ከእጃቸው ነው የሚበላው አሉ።»

«ያን አፍ ከመጽሐፍ ሥዕል ላይ አይቼ ነው የሠራሁት» አሉ ቀስ ብለው። «እዚህ አገር ስኖር ማታ ሲጮህ እሰማለሁ። ስሰማ መስኮት ነው የምዘጋው።»

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ዶክተሩ ሣጥናቸውን፣ እኔ ዶክተሩን ይዘን እማማ ዘይነባ ግቢ ደረስን። ግቢው በሰው ሞልቷል። ጅቡ በአክስቴ አልጋ ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ራሱን ቀና አድርጎ ቆሟል። ዶክተሩ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ አለሰለሱ፤ አፉን የወጠረውን እንጨት አወጡ። ከዚያ በኋላ ሥራው የሕዝብ ሆነ። አንዱ «ትንሽ ሳቅ ይበል» ይላል፤ ሌላው «ጅብ ሲስቅ ነው ወይ የምታውቀው? ኮስተር ይበል» ይላል። የዶክተሩ መርፌ በወፍራሙ ቆዳ ላይ ተሰበረና እማማ ዘይነባ ሞሰብ የሚሰፉበትን ወስፌ አቀበሏቸው።

ሲጨርሱ ዶክተሩ ላባቸውን ጠርገው፣ ሐቀኛ ሰው ናቸውና፣ መባል የሌለበትን አሉ። «እማማ፣ እውነቱን መንገር አለብኝ። ይህ ጆሮ በሕይወት ሳለ ደህና ነበር። ሙዚየም ውስጥ አይጥ ነው የበላው።»

አሁን የሳቸው ጅብ አይደለም ማለት ነው፤ ጉዳዩም አለቀ ማለት ነው።

እማማ ዘይነባ እጃቸውን በጉንጫቸው አደረጉ። «ከሞተ በኋላ አይጥ አስበላችሁት?» አሉ። «እኛ ቅቤ እያበላን ያኖርነውን! ያለ ጠባቂ፣ ያለ ጠያቂ አቁማችሁት?» ከዚያ ጆሮውን እንደገና ነክተው፣ «የኛም ጆሮው እንዲህ ነበር። ባይሆንስ? የማንም ይሁን፣ እንዲህ አይደረግም» አሉ።

ዶክተሩ ወስፌውን መለሱላቸው። «ልክ ነዎት። ጠያቂ አልነበረውም» አሉ።

ጅቡን ይዘን ልንመለስ ስንነሳ እማማ ከለከሉን። «ሳይደርቅ? ነገ እናመጣዋለን።» እናመጣዋለን ሲሉ ከማን ጋር እንደሆነ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ቢያንስ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ቅዳሜ ዶክተር መኩሪያ ክራቫት አስረው በሩ ላይ ቆሙ። ጅቡ የነበረበት ቦታ ከአቧራው መካከል ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ዲኑ የሚሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸውና የተሰበሩት ወንበሮች ተጭነው መጥተው ደጁ ላይ ተኮልኩለዋል። አናጢው መደርደሪያ ሊሠራ ግድግዳውን ይለካል። ሰዓቱ ሄደ። አብዲ ሁለት ጊዜ በጎብኚነት ገባ፤ በሁለተኛው ኮት ለውጦ ነበር። ዲኑ ግን ዓይናቸው ደህና ነው።

«እንግዲህ መኩሪያ፣ የሰው ነገር ሆኖ…» ብለው ሲጀምሩ በግቢው በር አንድ የጭነት መኪና ገባ።

ጋቢናው ውስጥ ሐጂ ዩሱፍ አሉ። ከኋላ ሰው ጢም ብሏል፤ ልብስ ሰፊዎቹ፣ ጫማ ሰፊው፣ ሥጋ ሻጩ፣ ሴቶች፣ ሕፃናት። በመካከላቸው የአክስቴ አልጋ፤ በአልጋው ላይ አፉን የዘጋ፣ አፍንጫው በቅቤ ያብረቀረቀ ጅብ። አንሶላ የለ፣ ምን የለ። ወንዶቹ አልጋውን በትከሻቸው አወረዱና እየተቀባበሉ መጡ።

ዲኑ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ማነው የሞተው?»

«ከሞተስ ቆይቷል» አሉ ሐጂ። «ልንጠይቀው ነው የመጣነው።»

ገቡ። ሲገቡ በሩ ሰፊ አይደለምና ዲኑ ወደ ግድግዳው ተጣበቁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ መጻፍ አልችልም፤ ጫጫታው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አንዲት ሴት ከወፎቹ አንዷን ስታይ «አንቺ! የማሽላዬ ጠላት! እዚህ ነሽ ለካ!» ብላ ጣቷን ቀሰረችባት። ሥጋ ሻጩ ዘንዶውን ሲያይ ከጀርባችን ሆነ። ሐጂ ዩሱፍ ግን የነብሩ ቆዳ ፊት ቆመው ቀሩ።

«ይህን» አሉ፣ «ልጅ ሳለሁ ከሐኪም ተራራ ሲወርድ አይቻለሁ። አሁን ማን አለ? ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል። ሽማግሌ ሲያረጅ ይዋሻል ይሉኛል።» ቆዳውን በዓይናቸው ከራስ እስከ ጭራ ለኩት። «አመጣቸዋለሁ። ይዩት።»

ሽማግሌዎቹ ደክሟቸው ነበርና ደጅ ያሉትን ወንበሮች እያስገቡ ተቀመጡ። ሦስት እግር ያለው ለሐጂ ደረሰና በአራተኛው እግር ፋንታ ሥጋ ሻጩ ደገፈው። ሐጂ ከተደላደሉ በኋላ ወደ ዲኑ ዞሩ።

«ይህን ቤት ለምን ልታደርጉት ነው አሉ?»

ዲኑ አፋቸውን ከፈቱ። ዙሪያውን አዩ። በያንዳንዱ ወንበር ላይ ሰው አለ፤ በአንዳንዱ ላይ ሁለት። የሚያስቀምጡት ወንበር አልቀረላቸውም። ወደ አናጢው ዞር ብለው፣ «ግድግዳውን መለካት ተው» አሉ። «ወንበሮቹን ጠግን። እዚሁ ይሁኑ። መኩሪያ፣ ለሚመጣው ዓመት ሰሌዳውን ቀለም አስቀባው፤ ፊደሉ ለቋል።»

ዶክተር መኩሪያ ክራቫታቸውን አላልተው፣ ጅቡን ወደ ቦታው ሊመልሱ ጎንበስ ብለው ቆዩ፤ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። እማማ ዘይነባ ግን በዚህ አልተሸነገሉም። ከመሄዳቸው በፊት እኔን ጠርተው፣ «አሹራ ሲደርስ ገንፎ እልካለሁ። ፊቱ ታስቀምጥለታለህ። አይጥ ቢነካው ደግሞ አንተን ነው የምጠይቅ» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ከማለት በቀር ምን አውቃለሁ።

ስለዚህ የሙዚየማችን የወደፊት ዕድል ምንድነው ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ገንፎና ጉንዳን ነው። ገንፎው ይመጣል፣ ጉንዳኑ ይከተላል፣ እኔ እጠርጋለሁ። ሰው ግን አልቀረም። ሐጂ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተው ነብሩን አሳይተዋል። ዶክተሩም አንዳንድ ቀን ወደ ማታ ከእማማ ዘይነባ ሰፈር ሰዎች ጋር ከግንቡ ሥር ይቀመጣሉ፤ መስኮት መዝጋት ትተዋል።

የቀረኝ የአክስቴ አልጋ ነበር። አጥቤ፣ ጠፍሩን ጠብቄ መለስኩላቸው። አክስቴ እታገኝ ግን የገበያውን ወሬ ሰምተው ኖሮ በሩን በግማሽ ብቻ ከፍተው፣ «ጅብ የተኛበት ላይ ልተኛ? ይዘህልኝ ሂድ!» አሉ። ወዴት ልውሰደው? ወደ ኮሌጅ ወሰድኩት። ዶክተሩ ጅቡን አቆሙበት። አሁንም እዚያው ላይ ነው።

«ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላሉ። የኛ ጅብ ግን ወደሚያውቁት አገር ሄደ። ምንም ሳይጠይቅ፣ አልጋ ይዞ ተመለሰ።